ብሬስ ያሰረች ነፍሰ ጡር

ደሴ ላይ ለእናቶች፣ ለአዋላጅ ነርሶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንዴት ዋላችሁ እናቶቼ፣ እህቶቼ። ከኮምቦልቻም ከሐይቅም የመጣችሁ አላችሁ። መንገዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጅ ታቅፋችሁ ከኋላ የቆማችሁ፣ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ። እዚህ ወንበር አለ።

በአንዲት ሴት ልጀምር። ስሟን አልናገርም። ኮምቦልቻ የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። የላይኛው ክራንቻዋ ከሌሎቹ ጥርሶች ላይ ተደርቦ ወጥቶባት ነው። ሥራ ስትይዝ ብር አጠራቅማ ጥርስ የሚያስተካክለውን ሽቦ፣ ብሬስ የምንለውን፣ አሳሰረች። በአንድ ዓመት ውስጥ ክራንቻው ወርዶ ሰልፉን ያዘ። ከዚያ አገባች፣ አረገዘች። በአራተኛው ወር አማቷ «ብረት አፏ ውስጥ ይዛ እንዴት ትወልዳለች? ለጽንሱስ ደግ ነው?» አሉ። ልጅቷ ፈራች። አንድ ክሊኒክ ሄዳ «አውጡልኝ» አለች። አወጡላት። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ጥርሱ እንዳይመለስ የሚይዝ ሪቴይነርም አልሰጧትም።

እኔ ዘንድ የመጣችው ልጇ ዳዴ ማለት ሲጀምር ነው። ክራንቻው ተመልሶ ወጥቷል። ያ ሁሉ ብር፣ ያ ሁሉ ሕመም፣ ያ ሁሉ የኮምቦልቻና የደሴ ምልልስ ባዶ ቀረ። እያለቀሰች ነገረችኝ። አማቷ ክፉ ሴት አይደሉም። ለልጅ ልጃቸው ነው የፈሩት። ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። ቀድመን ቁጭ ብለን አልነገርናቸውም።

ዛሬ የመጣሁት ያንን ለመናገር ነው። ብሬስ ያሰረች ሴት ስላረገዘች ብቻ ብሬሷ አይወጣም። ጽንሱን አይነካውም። የሚለወጠው የእኛ የሐኪሞቹ እጅ ነው፤ መቅለል አለበት። የእሷ ጥንቃቄም ይለወጣል፤ ድዷ ላይ መበርታት አለባት። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ብዙ ሰው ጥርስ አጥንት ውስጥ እንደ ምስማር የተመታ ይመስለዋል። አይደለም። በጥርሱ ሥርና በመንጋጋው አጥንት መካከል ቀጭን ጅማት አለ። ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ጥርሱ የተቀመጠው በዚያ ጅማት ተንጠልጥሎ ነው። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋው በአንድ በኩል ያለው ጅማት ይጨመቃል። በወዲያኛው በኩል ያለው ይወጠራል። በተጨመቀው በኩል አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት ይሰበሰባሉ፤ አጥንቱን እየበሉ ለጥርሱ መንገድ ይከፍታሉ። በተወጠረው በኩል ደግሞ አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት ክፍተቱን ይሞላሉ። ከፊት ይፈርሳል፣ ከኋላ ይገነባል፣ ጥርሱ በመሐል ይሄዳል። ካርል ሳንድስቴት የሚባል ስዊድናዊ ይህንን በውሻ ጥርስ ላይ አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የተፈተነ እውቀት ነው።

ፍጥነቱ ስንት ነው? በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሕክምናው ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት የሚፈጀው ለዚህ ነው። እርግዝና ደግሞ 9 ወር ነው። እኔ ዘንድ ብሬስ ሊያሳስሩ ከሚመጡት ብዙዎቹ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። ብሬሱና እርግዝናው አንድ ላይ መግጠማቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

ኃይሉስ? አንድን ጥርስ ለማዘንበል ከ35 እስከ 60 ግራም ይበቃል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ። ክብደቱ ያን ያህል ነው። «ጠበቅ አድርጉልኝ፣ ቶሎ እንዲያልቅ» የሚሉኝ አሉ። ጠበቅ ቢል ጥርሱ አይፈጥንም። የጅማቱ ደም ይታፈናል፣ ሕዋሳቱ ይሞታሉ፣ ጥርሱ ለሳምንታት ባለበት ይቆማል። የጥርሱ ሥርም ሊሟሟ ይችላል። ይህንን እንቁላል አትርሱት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እርግዝናው። አጥንት የሚበሉትንም የሚሠሩትንም ሕዋሳት የሚያዙት በደም የሚዞሩ ሆርሞኖች ናቸው። በእርግዝናው ማብቂያ ላይ ፕሮጄስትሮን በወር አበባ ዑደት ከሚደርስበት ጣሪያ 10 እጥፍ ያህል ይሆናል። ኢስትሮጅን 30 እጥፍ ያህል ይደርሳል። ኢስትሮጅን አጥንት በሎቹን ሕዋሳት ይገታል። ብቻውን ቢሆን ጥርሱን ያዘገየው ነበር።

ብቻውን ግን አይደለም። ሪላክሲን የሚባል ሌላ ሆርሞን አለ። ፍሬድሪክ ሂሶው የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1926 በጊኒ ፒግ ላይ ደረሰበት። የዳሌን ጅማት ያላላል። አዋላጆቹ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የጥርስ ጅማትም ጅማት ነውና ተመራማሪዎች «ይኼስ ጥርስን ያፈጥን ይሆን?» ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ አንድ ጥናት 40 ሰዎች ተካፈሉ። ነፍሰ ጡሮች አይደሉም፤ ጥርሳቸውን የሚያስተካክሉ ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ ሪላክሲን በየሳምንቱ በመርፌ ተሰጣቸው። ግማሾቹ መድኃኒት የሌለው መርፌ ተወጉ። ጥርሶቻቸው ሲለኩ ልዩነት አልተገኘም።

በአይጥ የተሠራው ሌላ መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ጥናት የነፍሰ ጡር አይጦች ጥርስ ካላረገዙት የበለጠ ተንቀሳቅሷል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ካልሲየም የጎደላቸው የሚያጠቡ አይጦች ተጠንተው ነበር። የእነሱም ጥርስ ፈጥኖ ነበር፤ አጥንታቸው ሳስቶ ነውና። የአይጥ እርግዝና ግን 3 ሳምንት ነው። የሴት ልጅ 9 ወር ከዚያ ጋር አይተካከልም። ስለዚህ ይህንን ሐኪሙ ይጠንቀቅበት እንጂ እናንተ አትሸበሩበት።

በሴቶች ላይ ተለክቶ የታወቀ አንድ ነገር አለ። በእርግዝና ወራት ጥርስ ትንሽ ይላላል። ከወሊድ በኋላ ይጠብቃል። አንዳንዷ በምላሷ ስትነካው ይሰማታል፣ «ጥርሴ ሊወልቅ ነው» ብላ ትደነግጣለች። አብሽሪ፤ አይወልቅም። ድዷ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የጅማቱ መለስለስ ነው። ሐኪሙ ግን ይህንን ማወቅ አለበት። በለሰለሰ ጅማት ላይ የሚያርፈው ኃይል ከእንቁላሏ መብለጥ የለበትም። እኔ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ወፍራም ሽቦ አላስገባም። ቀጭኑን ባለበት እተዋለሁ። ላስቲክ የሚያስፈልጋት ከሆነ ቀለል ያለውን እሰጣለሁ። ቀጠሮውንም ከ4 ሳምንት ወደ 6 ወይም ወደ 8 አራዝማለሁ። ከመካነ ሰላም ወይም ከወረኢሉ ለምትመጣ ሴት ይህ ለሆዷም ለወገቧም ዕረፍት ነው።

ይኼ የአጥንቱ ጉዳይ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ አጥንቱ አይደለም። ድዱ ነው።

የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በሚጠቅሱት አኃዝ ከ100 ነፍሰ ጡሮች ከ60 እስከ 75 የሚሆኑት የድድ መቆጣት ይገጥማቸዋል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ምክንያቱ እርግዝናው ብቻ አይደለም። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ነው። ሆርሞኑ የሚያደርገው ድዱን ለዚያ ቆሻሻ ስሱ ማድረግ ነው። በፊት ችሎት የነበረውን አሁን አይችለውም። ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ፕሪቮቴላ ኢንተርሚዲያ የሚባለው ባክቴሪያ እነዚህኑ ሆርሞኖች እንደ ምግብ ይጠቀምባቸዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጽፏል። እናትየዋ ለጽንሷ ያዘጋጀችው ሆርሞን ድዷ ሥር ያለውን ባክቴሪያ ይቀልባል ማለት ነው።

አሁን በዚህ ላይ ብሬስ ጨምሩ። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ የተለጠፈች ቁራጭ ብረት አለች፤ ብራኬት እንላታለን። በዙሪያዋ ምግብ ይያዛል። ሽቦው ሥር ብሩሽ እንደልብ አይገባም። ያላረገዘች ሴት እንኳ ብሬስ ካሰረች ድዷ ይቆጣል። ያረገዘችው ሁለቱ ይደረቡባታል። ድዱ አብጦ ብራኬቱን ሲሸፍነው አይቻለሁ። ያኔ መቦረሽ ያማታል። ስለሚያማት ትተወዋለች። ስትተወው ይብሳል። እዚህ ላይ ነው እጇን መያዝ ያለብን።

በተለይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ድዳቸውን የተነቀሱ ሴቶች አሉ። ንቅሳቱ ውበት ነው፤ የእናቴም ድድ የተነቀሰ ነው፣ እወደዋለሁ። ግን የተነቀሰ ድድ መቅላቱን አያሳይም። መጽሐፉ «ቀይ ድድ ፈልጉ» ይላል፣ ድዷ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ቀለሙን አትዩ። ጠይቋት። «ስትፋቂ ይደማል? ጠዋት ትራስሽ ላይ ደም ታያለሽ? እንጀራ ስትቆርሺ ደም ይነካዋል?» በሉ። ደሙ አይደበቅም።

ሌላም አለ። ከ100 ነፍሰ ጡሮች እስከ 5 በሚሆኑት ድዱ ላይ ቀይ እብጠት ይወጣል። ብዙ ጊዜ በፊት ጥርሶች መካከል ነው። አያምም፤ ሲነካ ግን በብዛት ይደማል። ሰው ሲያየው ካንሰር ይመስለዋል። ካንሰር አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ራሱ ይጠፋል። የብራኬት ጠርዝ ወይም የተጋገረ ቆሻሻ እየቆሰቆሰው ከሆነ ያ መነሣት አለበት። በክር አስራችሁ ለመቁረጥ አትሞክሩ። ቤት ውስጥ ቅጠል ደቁሳችሁም አትለጥፉበት። ደሙ አልቆም ካለ ወይም ማኘክ ከከለከላት ሐኪም ያነሣዋል።

«ታዲያ ነፍሰ ጡር ጥርሷን ብትታጠብ ለጽንሱ አይሰጋም?» ትሉኛላችሁ። ክሊኒክ የሚደረገውን እጥበት ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። 823 የድድ ሕመም ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ተካፈሉ። ግማሽ ያህሉ ገና 21 ሳምንት ሳይሞላቸው ድዳቸው በጥልቀት ታጠበ። የቀሩት ከወሊድ በኋላ ታጠቡ። በእርግዝና የታጠቡት እናቶች ድድ ተሻለ፤ በጽንሱ ላይ ጉዳት አልታየም። ያለ ጊዜ መውለድን ግን አልቀነሰም። ይህንን የምናገረው አንዳንድ ሰው «ድድሽን ካልታጠብሽ ያለ ቀኑ ትወልጃለሽ» እያለ ስለሚያስፈራራ ነው። እናትን በማስፈራራት ጥርስ አይታከምም። የምትታጠበው ድዷ እንዲድንላትና ያለ ሕመም እንድትበላ ነው። እሱ ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ወደ ቤት እንግባ። መፋቂያ የምትወዱ ብዙ ናችሁ። እኔም የወይራ መፋቂያ ይዤ ነው ያደግሁት። ብሬስ ለሌላት ሴት ደህና ነው። ብሬስ ላሰረች ግን አይበቃም፤ ሽቦው ሥር አይገባም፣ ብራኬቱንም ሊነቅል ይችላል። ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ ለስላሳ ብሩሽ ያዙ። ከድዱ ጠርዝ ጀምሩ፣ ከዚያ ከብራኬቱ በላይ፣ ከዚያ በታች። በሽቦው ሥር የምትገባ ትንሽ ቀጭን ብሩሽ አለች፤ ከክሊኒኩ ጠይቁ። ቢደማም አታቁሙ። በደንብ ከተቦረሸ ደሙ በሳምንት በአሥር ቀን እየቀነሰ ይሄዳል።

ማቅለሽለሽ ያለባት ሴት ጉዳይ ደግሞ ልቤን ይነካዋል። ብሩሽ አፏ ሲገባ ያስመልሳታል። የኋላ ጥርሶቿን መንካት አትችልም። ጠዋት ካልሆነላት ቀን ላይ፣ ሆዷ ሲረጋ ትቦርሽ። የሳሙናው ሽታ ከረበሻት ለዚያ ሰዓት በውሃ ብቻ ትቦርሽ። ካስመለሳት ግን ወዲያው አትቦርሽ። ከሆድ የመጣው አሲድ የጥርሱን ሽፋን አለስልሶታል፤ ብሩሹ ይፍቀዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣ ትጉመጥመጥና ትትፋው። ሶዳ ከሌለ ውሃ ብቻም ይሆናል። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቆይታ ትቦርሽ። ይኼ ብሬስ ላሰረች ሴት የበለጠ ያስፈልጋል። በብራኬቱ ዙሪያ አሲዱ ቢቆይ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። ብሬሱ ከወጣ በኋላም ጠባሳው አይጠፋም።

ቡናው አለ። እኛ ወሎዬዎች ያለ ቡና ዱዓም ወግም የለንም። ቡናችሁን አልከለክላችሁም። ስኳሩን ግን አስቡበት። አቦል በስኳር፣ ቶና በስኳር፣ በረካ በስኳር። በእያንዳንዱ ጊዜ አፍ ውስጥ አሲድ ይነሣል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሦስቱ ተከታትለው ሲመጡ አፉ አያርፍም። ስኳሩን መተው ያልቻለች ከበረካው በኋላ በውሃ ትጉመጥመጥ። ቆሎው ደግሞ ብራኬት ይነቅላል። የፈንዲሻ ገለባ ድድ ሥር ይሰካል። ከሁሉ የባሰው ጥንቅሽ ነው። ባቲና ቃሉ አካባቢ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በፊት ጥርስ ስትልጡት ብራኬቱ አብሮ ይላጣል። ነፍሰ ጡር ጥንቅሽ ካማራት አምሮቷን ማን ይከለክላታል? በቢላ ላጡላት፣ በትንንሹ ቁረጡላት፣ በኋላ ጥርሷ ትምጠጠው።

ስለ ሕክምናው ቀጠሮ ጥቂት ልበል። ከእኔ የመጀመሪያው ልመና ይኼ ነው፦ ንገሩን። የወር አበባዋ የቀረባትና የጠረጠረች ሴት ሆዷ ሳይገፋ ለሐኪሟ ትንገር። ተደብቃ ወንበሬ ላይ የተቀመጠች ሴት አውቃለሁ። «ካወቃችሁ ብሬሱን ታወጡታላችሁ ብዬ ፈራሁ» አለችኝ። ቅድም ያልኩት ፍርሃት መሆኑ ነው። ስትነግረኝ መጀመሪያ የምላት «ማርያም ትቅረብሽ» ወይም «አላህ ያግራልሽ» ነው። ቀጥዬ ሽቦዋን አያለሁ።

ገና ብሬስ ያልጀመረች ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ የእኔ ምክር ትቆይ የሚል ነው። ለመጀመር ራጅ ያስፈልጋል፣ አንዳንዴ ጥርስ መነቀል አለበት። የጥርስ ራጅ ጨረሩ ጥቂት ነው፤ በእርግዝና ጥርሷን አሟት የግድ ካስፈለገ ይነሣል። ለማስተካከል ብቻ ከሆነ ግን የሚያስቸኩል ነገር የለውም። የጀመረችው ትቀጥል። ያልጀመረችው ልጇን ታቅፋ ትምጣ።

የግድ የሆነ ሥራ ካለ ሁለተኛው የእርግዝና ምዕራፍ፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ይመቻል። ማቅለሽለሹ ቀንሷል፣ ሆዱም ገና አልከበደም። በመጨረሻዎቹ ወራት በጀርባዋ አንጋልለን ብዙ ጊዜ ማቆየት የለብንም። ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፤ ራሷን ያዞራታል፣ ልትስትም ትችላለች። በቀኝ ዳሌዋ ሥር ትራስ አድርገን ወደ ግራ ዘንበል እናደርጋታለን። ትንሽ እንደሠራን እናሳርፋታለን።

ሽቦ ከተቀየረ በኋላ አንድ ሁለት ቀን ያማል። ያኔ ፋርማሲ ሄዳ ኢቡፕሮፌን እንዳትገዛ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዳ፣ የእንሽርት ውሃውን ሊቀንስ ይችላል። ፓራሲታሞል ይሻላታል፤ እሱም ሐኪሟን ጠይቃ። ቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክም አትንኩ። የሚያድገውን የልጁን ጥርስ ያጠቁራል።

ልጁ ሊወለድ ሲል ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣል። እዚህ አገራችን አራስ ቶሎ ከቤት አትወጣም። የክርስቲያኗ 40 እና 80 ቀን አለ፣ የሙስሊሟም 40 ቀን አለ። ይኼ ደግ ነው፤ ማረፍ አለባት። ግን የሚገፋ ሽቦ አፏ ውስጥ ትተን ሦስት ወር ባትመጣስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ይህን በሌላ መንገድ አይተነዋል። ቀጠሮ ተቋርጦ፣ ማንም ሳያየው ሽቦው ያለ ልክ ጥርስ የገፋበት ሰው መጥቶልኛል። ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ልማድ አለ። በስምንተኛው ወር አካባቢ የሚገፋውን አውጥቼ የማይገፋ ሽቦ አስገባለሁ። ያንን ሽቦ የምናስገባው ጥርሱን ባለበት እንዲይዝ ብቻ ነው። ጥርሱ ወደ ፊትም አይሄድም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። እሷ በሰላም ትውለድ፣ ትጠንክር፣ ከዚያ እንቀጥላለን። ሽቦ ጉንጯን ቢወጋት የምትለጥፈው ሰም ሰጥቼ እሸኛታለሁ።

አዋላጆች፣ ይኼን ያዙልኝ። በምጥ ብሬስ ምንም አያግድም። ኦፕራሲዮን ከሆነ ግን ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሩት። ቱቦ ሲያስገባ ብራኬት እንዳይነካ ይጠነቀቃል። የሚወልቅ ሪቴይነር ካላት ደግሞ ቀድማ ታውልቀው።

ከወለደች በኋላስ? ስታጠባ ከአጥንቷ ካልሲየም ይወጣል። በስድስት ወር ውስጥ የአጥንቷ ጥግግት በመቶ ከ3 እስከ 7 ሊቀንስ ይችላል። ጡት ስታስጥል ይመለሳል። ስለዚህ በዚህ ጊዜም ኃይሉ ቀላል ይሁን። እሷም ትብላ። ገንፎውና አጥሚቱ ጥሩ ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ጎመን ይጨመርላት። ጤፍም ካልሲየም አለው። ጾሙን በተመለከተ ለአባቶችና ለሸኾች እተዋለሁ። ሁለቱም ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ፈቃድ እንዳላቸው ግን አውቃለሁ።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ።

አዎ፣ እማማ። እጅዎን ሲያነሡ አይቻለሁ። «እኔ ሰባት ወልጃለሁ፤ በየልጁ አንድ አንድ ጥርስ ሄደብኝ። ልጁ ነው የሚወስደው?» ነው ያሉት? ይህንን ጥያቄ ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል፤ በየቤቱ የሚባል ነገር ነው። እማማ፣ ልጆችዎ ጥርስዎን አልወሰዱም። ሕፃን እስኪወለድ ድረስ 30 ግራም ያህል ካልሲየም ይሰበስባል፣ አብዛኛውን በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት። የሚያገኘው እናቱ ከምትበላው ነው። በእርግዝና ጊዜ አንጀቷ ካልሲየም የመሳብ አቅሙ እጥፍ ይሆናል። ቢጎድል ከአጥንት ይወሰዳል። ከጥርስ አይወሰድም። የጥርስ ሽፋን የደም ሥር የለውም፤ አንዴ ከተሠራ ወደ ደም የሚመለስበት መንገድ የለም። እርስዎን ጥርስ ያሳጣዎት የታመመ ድድና ያልታከመ ጉድጓድ ነው። በዚያን ዘመን ማን ነግሮዎት፣ የት ሄደው ይታከሙ ነበር? ሰባት ልጅ አሳድገዋል። ጥፋቱ የእርስዎም የልጆቹም አይደለም።

እዚያ ጋ። ፍንጭቷን ለማጥበብ ብሬስ ያሰረች እህት ናት የጠየቀችው። በነገራችን ላይ እኛ አገር ፍንጭት የተመሰገነ ነው፤ ማጥበብ የአንቺ ፈቃድ እንጂ ግዴታሽ አይደለም። ጥያቄሽ «ብሬሴ ወጥቶ ሪቴይነር ላይ ነኝ፣ አርግዣለሁ፣ ሲያቅለሸልሸኝ ሪቴይነሩን አስቀምጬዋለሁ፤ ምን ልሁን?» ነው።

እኔም ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ይኸው ደርሶብኛል። ላንቃዬን ሲነካኝ ያስመልሰኝ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬ ረሳሁት። ከአራት ወር በኋላ ሳስገባው አልገባ አለ። የላይ ጥርሶቼ ተጠጋግተው ነበር። በድዱ ዙሪያ ያሉት ክሮች ጥርሱን ወደ ድሮ ቦታው መጎተታቸውን ለመተው ከዓመት በላይ ይፈልጋሉ። ጅማቱ በለሰለሰበት ወቅት ደግሞ ባዶውን መተው አይመከርም።

ስለዚህ እህቴ፣ ቀን ካቃተሽ ሌሊት አድርጊው። ማቅለሽለሹ ስትተኚ ይቀንሳል። እሱም ካልሆነ ከጥርስሽ ጀርባ የሚለጠፍ ቀጭን ሽቦ አለ። ላንቃ አይነካም፣ አይወልቅም። ነገ ጠዋት ነይ፣ ሪቴይነርሽን ይዘሽ፤ አሁንም የሚገባ ከሆነ አብረን እናያለን።